የድመት ስኳር ጋብ ሲል፦ ኢንሱሊኑ መቼና እንዴት ይቀነሳል?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ድመቴ አንበሴ ቁርሱን እየበላ ነው። መርፌውን ቀድቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ እንደ ወትሮው ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን። የጆሮውን ጠርዝ ወጋ አድርጌ ያወጣኋትን የደም ጠብታ ስትሪፑ ላይ አስነካሁ። መለኪያው ጥቂት ሰከንድ ቆጠረና 94 አለኝ።

ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት። ከሰባት ሳምንት በፊት የዚሁ ድመት ስኳር 412 ነበር። 94 ጤነኛ ድመት ላይ የሚታይ ቁጥር ነው። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መርፌ ምን ላድርገው? ልውጋው ወይስ ልተወው?

ተውኩት። ክሊኒኩ እንደተከፈተ ደወልኩ። ሐኪሟ ቁጥሩን ስትሰማ “እንኳን አልወጋሽው” አለችኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያች ጠዋት የተማርኩትን ሌላው ቀድሞ እንዲያውቀው ብዬ ነው። ስኳር ያለበት ድመት አንዳንዴ ኢንሱሊን ከማያስፈልግበት ደረጃ ይደርሳል። ትልቅ የምሥራች ነው። ግን አደገኛ ጊዜም ነው። ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ በዝቶበት ሊገድለው ይችላል። ድመቱ ደግሞ “በቃኝ” ብሎ አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ መለኪያው ነው።

እናቴ መጀመሪያ ስነግራት “ደግሞ ድመትን ስኳር ይይዘዋል?” አለችኝ። እሷ ራሷ ለዓመታት ኢንሱሊን ስትወጋ የኖረች ሰው ናት። አገር ቤት የነበሩን ድመቶች ግቢ ውስጥ አይጥ ሲያድኑ ይውሉና ማታ ከገበታ የተረፈውን ይቀምሱ ነበር። ሁሉም ቀጫጭኖች ነበሩ። አንበሴ ግን አሜሪካ ያደገ የአፓርታማ ድመት ነው። ተኮላሽቷል። ደረቅ ምግቡ ቀኑን ሙሉ ሳህኑ ላይ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ስምንት ኪሎ ደርሶ ነበር። ስኳር በብዛት የሚይዘው እንዲህ ያለውን ድመት ነው፦ ወንድ፣ የተኮላሸ፣ የወፈረ፣ ከቤት የማይወጣ፣ ዕድሜው ከሰባት ዓመት ያለፈ። ለአስም ወይም ለአለርጂ ስቴሮይድ የሚወስዱ ድመቶችም ይጋለጣሉ።

ለመሆኑ ስኳር እንዴት ጋብ ይላል?

የውሻና የድመት ስኳር ይለያያል። ስኳር የያዘው ውሻ ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ህዋሳት ባብዛኛው አጥቷል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይወጋል። የድመቱ ግን የሰውን ሁለተኛውን ዓይነት፣ ታይፕ 2 የሚባለውን፣ ይመስላል። ውፍረቱ ሰውነቱ ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ያደርገዋል። ቆሽቱ ይህን ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል። በመጨረሻ ይዝላል። ያኔ ስኳሩ ይወጣል። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ደም ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር ራሱ ተመልሶ እነዚያን የዛሉ ህዋሳት ይመርዛቸዋል። ስኳሩ በጨመረ ቁጥር ህዋሳቱ ይደክማሉ፤ እነሱ በደከሙ ቁጥር ስኳሩ ይጨምራል።

ከአቅሙ በላይ የተጫነ አህያ አስቡ። መንገድ ላይ ተኛ። አልሞተም። ጭነቱን ብታወርዱለትና ትንሽ ቢያርፍ ይነሳል። በመርፌ የምንሰጠው ኢንሱሊን ጭነቱን ያወርዳል። ስኳሩ ሲወርድ መርዙ ይቆማል፣ ቆሽቱ ያርፋል፣ ያልሞቱት ህዋሳት ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ብዙ ከዘገየን ግን ህዋሳቱ እስከ መጨረሻው ይሞታሉ። አሚሎይድ የሚባል የፕሮቲን ክምችትም ቆሽቱ ውስጥ ቦታቸውን ይይዛል። አህያውን ከወደቀ ከሳምንት በኋላ ብታራግፉለት ምን ዋጋ አለው?

ለዚህ ነው ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ወራት አጥብቀው የሚይዟቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 55 ድመቶችን ተከታትሏል። ግላርጂን የተባለውን ኢንሱሊን ይወጋሉ፣ ካርቦሃይድሬቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ ይበላሉ፣ ባለቤቶቻቸው ቤት ውስጥ ደጋግመው ይለካሉ። ከመቶ 64 ያህሉ ኢንሱሊን አቆሙ። በሽታው በታወቀ በስድስት ወር ውስጥ ይህን አያያዝ ከጀመሩት ከመቶ 84ቱ አቆሙ። ከስድስት ወር በኋላ ከጀመሩት ግን ያቆሙት ከመቶ 35ቱ ብቻ ናቸው። ሌሎች ጥናቶች ከዚህ ያነሰ ቁጥር አግኝተዋል፤ እንደ አያያዙ ይለያያል። እኔን ግን የ84 እና የ35 ልዩነት ብዙ አስተምሮኛል።

እንግሊዝኛው ሪሚሽን ይለዋል። እኔ “ጋብ ማለት” ነው የምለው። ዝናብ ጋብ አለ እንደምንለው ነው፤ ጋብ ያለ ዝናብ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የሐኪሞቹ መስፈርት ግልጽ ነው። ድመቱ ኢንሱሊን ሳይወጋ ቢያንስ አራት ሳምንት ከቆየ፣ በዚህ ጊዜ ሁሉ ስኳሩ ደህና ከሆነና የበሽታው ምልክት ካልታየበት፣ ያኔ ጋብ ብሏል ይባላል። ሦስት ቀን ጥሩ ቁጥር ማየት አይበቃም። “ድኗል” የሚለውን ቃል ሐኪሟም አትወደውም።

ሲሻለው ቤት ውስጥ የምታዩት ነገር አለ። አንበሴ ሲታመም ውሃ ይጠጣ የነበረው እንደ ጉድ ነው። ሳህኑን በመስፈሪያ እየሰፈርኩ እሞላ ስለነበር ልዩነቱን አውቀዋለሁ። የሚሸናበት አሸዋ ላይ የሚሠራው ጓል መጀመሪያ የብርቱካን ያህል ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ሎሚ አከለ። እየበላ መክሳቱ ቆመ። ፀጉሩ መለስ አለ። ከሁሉም ያስደሰተኝ አረማመዱ ነው። ስኳሩ ነርቩን ስለጎዳው በኋላ እግሮቹ ጣት መቆም ትቶ በተረከዙ ይሄድ ነበር፤ ጥንቸል የተቀመጠ ይመስል። ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው። አንድ ቀን ግን ዘሎ መስኮቱ ላይ ወጣ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እነዚህ ምልክቶች ግን መርፌ ለመቀነስ አይበቁም። ውሃ መጠጣቱ የሚቀንሰው ስኳሩ 200 ሲሆንም፣ 50 ሲሆንም ነው። የሽንት ስትሪፕም ብቻውን አይበቃም። ስኳር ወደ ሽንት የሚፈሰው ደሙ ውስጥ ከ250 ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ንጹሕ ሽንት 80ን ከ180 አይለይላችሁም። ደሙን መለካት የግድ ነው።

(በሚሊሞል የሚቆጥር መለኪያ ያላችሁ አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች፣ እዚህ በሚሊግራም በዴሲሊትር የምጽፋቸውን ቁጥሮች ለ18 አካፍሏቸው። 180 ማለት 10 ነው።)

መለካቱ ደግሞ ቤት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ድመት ሲፈራ ስኳሩ ይተኮሳል። በሳጥን ተጭኖ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ የማያውቀው ሰው ይዞት የተለካ ድመት ቁጥሩ ከ300 ሊያልፍ ይችላል። ስኳር የሌለበት ድመት እንኳን እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ 310 አገኙና መጠኑን ጨምሪ አሉኝ። ማታ ቤት፣ ሶፋው ላይ ተኝቶ ስለካው 128 ነበር። ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም የቀየርነው።

አለካኩ እንደሚያስፈራው አይደለም። ለብ ያለ ውሃ የነካ ጨርቅ ጆሮው ላይ ያዝ ታደርጋላችሁ፤ ደሙ ይመጣል። ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀጭን የደም ሥር አጠገብ ወጋ ማድረግ ነው። ከዚያ ጥጥ ይዞ መጫንና የሚወደውን ነገር ማጉረስ። በሁለተኛው ሳምንት አንበሴ የመለኪያውን ድምፅ ሲሰማ ራሱ ይመጣ ነበር፤ የተቀቀለ ዶሮ እንዳለ አውቆ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ብዙውን ጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያሳየው። የእንስሳት መለኪያ ለድመት ተስተካክሎ የተሠራ ነው። በየትኛው እንደለካችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አንዴ ከጀመራችሁም አትቀያይሩ። ሰዎች ክንዳቸው ላይ የሚለጥፉት ፍሪስታይል ሊብሬ ድመት ላይም ይለጠፋል። ካልወደቀ እስከ 14 ቀን ሌትና ቀን ይለካል። በተለይ ኢንሱሊን በሚቀነስበት ወቅት የሌሊቱን ማየት ትልቅ እፎይታ ነው። ሐኪሟ ደግሞ ፍሩክቶዛሚን የሚባል የደም ምርመራ ልታዝ ትችላለች። እሱ ያለፈውን አንድ ሁለት ሳምንት አማካይ ስለሚያሳይ የዚያን ቀን ድንጋጤ አያዛባውም።

ወደ መቀነሱ እንምጣ። መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንደኛው ከመርፌው በፊት ያለው ነው። ካለፈው መርፌ 12 ሰዓት ሆኖታል፤ የመድኃኒቱ ጉልበት ደክሟል። ያም ሆኖ ስኳሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ቆሽቱ ራሱ መሥራት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። የአንበሴ 94 ትርጉሙ ይህ ነበር። ሁለተኛው በመርፌና በመርፌ መካከል የሚታየው የቀኑ ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ብዙ ሐኪሞች ይህ ከ80 በታች ሲወርድ መጠኑን ይቀንሳሉ። ከ60 በታች ከሆነ ነገ ተነገ ወዲያ አይባልም፤ ከሚቀጥለው መርፌ መጠን ላይ ከሩብ እስከ ግማሽ እጁ ይቀነሳል፣ ወይም መርፌው ይዘለላል። ከመርፌ በፊት ያለው ከ200 በታች ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ሳትደውሉ አትውጉ። የእናንተ ሐኪም ትንሽ የተለየ ቁጥር ልትሰጣችሁ ትችላለች። ያንን ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

አቀናነሱ ባብዛኛው በግማሽ ዩኒት ነው፤ አንዳንዴም በሩብ። ድመት ትንሽ ፍጥረት ነው። ለእናቴ ግማሽ ዩኒት ምንም አይደለም። ለአምስት ኪሎ ድመት ግን ብዙ ነው። የግማሽ ዩኒት መስመር ያለው ቀጭን ሲሪንጅ ግዙ። ኢንሱሊኑን ለማሳነስ በውሃ ማቅጠን ግን አይቻልም፤ አሠራሩን ያበላሸዋል። አንድ መጠን ከተቀነሰ በኋላ፣ ስኳሩ በጣም ካልወረደ በስተቀር፣ ወደ ሳምንት ይጠበቃል። በተለይ ግላርጂን ከቆዳ ሥር ስለሚጠራቀም ለውጡ ለመታየት ቀናት ይፈልጋል።

የኛ መንገድ ይህን ይመስል ነበር። ከሁለት ዩኒት ወደ አንድ ወረድን፤ ጠዋትና ማታ። ከዚያ ወደ ግማሽ፣ ጠዋትና ማታ። ቀጥሎ ግማሽ በቀን አንዴ። እዚህ ላይ ተሰናከልን። በአራተኛው ቀን 240 አየሁ፣ በማግስቱ 255። ሐኪሟ ወደ ኋላ መለሰችን፤ ግማሽ ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት። ቅስሜ ተሰበረ። እሷ ግን ቆሽቱ ገና እግሩን እየተከለ ነው፣ ቸኩለን ብንተወው ስኳሩ ወጥቶ እንደገና ይመርዘዋል አለችኝ። አሁን ሳስበው ከሁሉም ትልቁ ምክሯ ይህ ነበር። ጥሩ ቁጥር ያዩ ሰዎች በአንዴ ማቆም ይፈልጋሉ። እኔም ፈልጌ ነበር። ትንሿን ኢንሱሊን ለጥቂት ሳምንት መቀጠል ቆሽቱን ማሳረፍ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስንሞክር በቀን አንዴው ያዘ። ከዚያ አቆምን።

ካቆማችሁ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንት በየቀኑ መለካት ነው። ጤነኛ ድመት ከ70 እስከ 150 አካባቢ ይውላል። ከ200 በላይ ተደጋግሞ ከታየ ሐኪሟ መርፌውን ትመልሳለች። መመለሱ ሽንፈት አይደለም።

ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ የሚታየውን ሁሉም የቤተሰብ አባል ማወቅ አለበት። መንገዳገድ፣ መልፈስፈስ፣ ባልተለመደ ሰዓት ምግብ ፍለጋ መጮህ፣ አንድ ነጥብ ላይ አፍጥጦ መቅረት፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስ መንዘፍዘፍ። አንዳንዱ ድመት ግን 45 ሆኖም ምንም አይታይበትም። መብላት ከቻለ ወዲያው አብሉት። ካልቻለ ማር በጣታችሁ ድዱ ላይ ቀቡ። እየተንዘፈዘፈ ከሆነ አፉ ውስጥ ፈሳሽ አታፍስሱ፤ ይታነቃል። ማሩን ቀብታችሁ ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ሩጡ። መለስ ቢልም ሐኪም ይየው፤ ኢንሱሊኑ ገና ሰውነቱ ውስጥ ስላለ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

ሁለት ወጥመዶችን ሳልናገር አላልፍም።

አንደኛው ምግብ ነው። ድመት ሥጋ በል ነው፤ ጉበቱ ብዙ ካርቦሃይድሬት ለማስተናገድ አልተፈጠረም። ደረቁን ምግብ ትቶ ካርቦሃይድሬቱ አነስተኛ ወደሆነ የቆርቆሮ ምግብ ሲዛወር ስኳሩ በቀናት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ለማገገም ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ግን በሙሉ መጠን ኢንሱሊን እየወጋችሁ ምግቡን ድንገት ብትቀይሩ፣ ኢንሱሊኑ በአንድ ሌሊት ይበዛበታል። ስለዚህ ምግብ ለመቀየር ስታስቡ ቀድማችሁ ለሐኪሟ ንገሩ፤ ቀስ ብላችሁ ቀይሩ፤ በነዚያ ቀናት መለካት አብዙ። ክብደቱም በዝግታ ይቀነስ። ወፍራም ድመት ጨርሶ ከጾመ ጉበቱ በስብ ይሞላና ሌላ ከባድ በሽታ ይመጣል።

ሁለተኛው የኛን ዓይነት ቤት ይመለከታል፤ ሰውም ድመትም ኢንሱሊን የሚወጋበትን። ብዙ የድመት ኢንሱሊን ዩ-40 ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት። የሰው ደግሞ ባብዛኛው ዩ-100። ሲሪንጆቻቸውም የተለያዩ ናቸው። እዚህ አሜሪካ የዩ-40 ክዳኑ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ የዩ-100 ብርቱካናማ ነው። አንድ ማታ ወንድሜ ሊረዳኝ ብሎ ከፍሪጅ የእናቴን ብልቃጥ አውጥቶ በአንበሴ ሲሪንጅ ሲቀዳ ደረስኩ። አንድ ዩኒት የቀዳ መስሎት ሁለት ዩኒት ተኩል ይዞ ነበር። በማግስቱ የእናቴን ኢንሱሊን ከላይኛው መደርደሪያ፣ የእሱን ከታች፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ለየሁት። ሲሪንጆቹንም ለየብቻ መሳቢያ ውስጥ።

ሁሉን አድርገው ስኳሩ ጋብ ያላለላቸው ድመቶች አሉ። ይህን የምጽፈው ራሳቸውን የሚወቅሱ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው። አንዳንዴ ሌላ በሽታ ከሥር አለ፦ የጥርስ ኢንፌክሽን፣ የሽንት ቧንቧ፣ የቆሽት መቆጣት፣ ታይሮይድ። እንግሊዝ ውስጥ 1,221 ስኳር ያለባቸው ድመቶች ተመርምረው፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ የዕድገት ሆርሞን መብዛትን የሚጠቁም ውጤት ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ድመት ኢንሱሊን በገፍ ቢወጋም ስኳሩ አልወርድ ይላል። መጠኑ እየጨመረ ቁጥሩ የማይወርድ ከሆነ ሐኪማችሁን ስለዚህ ምርመራ ጠይቁ። በመርፌ በደህና የሚኖር ድመትም ለዓመታት በደስታ ይኖራል።

አሁን ደግሞ በአፍ የሚሰጡ መድኃኒቶች መጥተዋል። ቤክሳካት በአሜሪካ በ2022 መጨረሻ፣ ሴንቬልጎ በ2023 ተፈቅደዋል። ስኳሩን በሽንት በኩል ያስወጣሉ። በአሜሪካ የተፈቀዱት ቀድሞ ኢንሱሊን ላልተወጉ ድመቶች ነው፤ ስለዚህ መርፌውን ጥሎ ወደ እነሱ መዝለል አይሆንም። እነሱን የሚወስድ ድመት ሽንቱ ውስጥ ሁልጊዜ ስኳር ስለሚኖር የሽንት ስትሪፕ ስለ ስኳሩ ልክ አይነግራችሁም።

ጋብ ካለላቸው ድመቶች ከአራት አንዱ፣ እንደ አንዳንድ ጥናት ከሦስት አንዱ ያህል፣ በሽታው ይመለስባቸዋል። ቆሽታቸው ሠራ እንጂ እንደ ድሮው አልሆነም። ስለዚህ የቆርቆሮ ምግቡ ይቀጥላል። ክብደቱ በየወሩ ይመዘናል። ለሌላ ሕመም ወደ ሌላ ሐኪም ከሄዳችሁ ስኳር እንደነበረበት መጀመሪያ ተናገሩ፤ አንድ የስቴሮይድ መርፌ የወራት ልፋት ሊያፈርስ ይችላል። ውሃ መጠጣቱ ከጨመረ ሳምንት አትጠብቁ።

አንበሴ መርፌ ካቆመ አምስት ወር ሆነው። አሁን ስድስት ኪሎ ነው። የምንለካው እሁድ ጠዋት ብቻ ነው። መጀመሪያ እናቴ የራሷን ትለካለች፤ ከዚያ እሱን አቅፋ ትይዝልኛለች። የሁለቱም ቁጥር አንድ ደብተር ላይ ነው ያለው፤ በግራ የእሷ፣ በቀኝ የእሱ። ባለፈው እሁድ በቀኝ በኩል የጻፍኩት 101 ነው።